በኮራል ገንዳ ውስጥ አረንጓዴውን ፀጉር መሰል አልጌ የማስወገድ አሠራር

አልጌን ከኮራል ገንዳ ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ የሚቻል ቢሆን እንኳ ኮራሉ አብሮ ያልቃል። ኮራል ከምግቡ አብዛኛውን የሚያገኘው በሥጋው ውስጥ ተጠልለው ብርሃንን ወደ ስኳር ከሚለውጡ ረቂቅ አልጌዎች ነው። ባለገንዳ ሁሉ በጉጉት የሚጠብቀው፣ በዐለቱ ላይ እንደ ሮዝና ሐምራዊ ቀለም የሚነጠፈው ጠንካራ ልባስም ራሱ አልጌ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «መወገድ ያለበት አልጌ» ሲባል ገበሬ አረም የሚለው ዓይነት ነገር ነው፤ ተክሉ በራሱ ክፉ ባይሆንም ለሌላ በተዘጋጀ ቦታ ላይ በቅሎ የባለቦታውን ብርሃንና መሬት ይሻማል።

ቀጥሎ የቀረበው አሠራር በዋናነት የሚመለከተው ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቸግረውን አረንጓዴ ፀጉር መሰል አልጌ ሲሆን፣ መጠኖቹ የተሰሉት ለ200 ሊትር ገንዳ ነው። የእርስዎ ገንዳ ከዚህ ካነሰ ወይም ከበለጠ በዚያው ልክ ይቀንሱ ወይም ይጨምሩ። ሥራው ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ይወስዳል። በሦስት ቀን ውስጥ ገንዳ እንደሚያጸዳ የተጻፈበት ጠርሙስ በየሱቁ ይሸጣል፤ እኔ ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቆ የሚሠራ ሰው ጠርሙሱን ሳይገዛው ቢቀር ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ደረጃ 1፦ የበቀለው ምን እንደሆነ ይለዩ

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው፤ ለአንዱ መፍትሔ የሚሆነው ሌላውን ያባብሳልና። አዲስ ገንዳ ከተሞላ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አሸዋውንና መስታወቱን እንደ ቡናማ ዱቄት የሚሸፍነው፣ በጣት ሲነካ ወዲያው የሚለቀው ዳያተም ነው። ከውኃውና ከአሸዋው በሚወጣው ሲሊኬት ይጠቀማል፤ ሲሊኬቱ ሲያልቅ እርሱም ይጠፋል። መስታወቱን እየጠረጉ ከመጠበቅ በቀር ምንም ማድረግ አያስፈልግም።

ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ እንደ ስስ ጨርቅ የሚነጠፈው፣ በቱቦ ሲሳብ ተጠቅልሎ የሚነሣው ደግሞ ሳያኖባክቴሪያ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ባክቴሪያ እንጂ እውነተኛ አልጌ አይደለም። (ቀይ ባሕር ስሙን ያገኘው ትራይኮዴዝሚየም የሚባለው የዚሁ ወገን ፍጡር አልፎ አልፎ በገጹ ላይ ቀላ ብሎ ስለሚንሳፈፍ ነው የሚል ግምት አለ።) ሳያኖባክቴሪያ የሚወደው ውኃ የማይንቀሳቀስበትንና ዝቃጭ የሚከማችበትን ጥግ ነው፤ ስለዚህ በቱቦ ስቦ ማውጣትና የውኃውን እንቅስቃሴ ወደዚያ ጥግ ማዞር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ከሁሉ ይበልጥ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ዳይኖፍላጀሌት ነው። ቡናማ ንፍጥ ይመስላል፤ ክር ይሠራል፤ በክሮቹ ጫፍ የአየር አረፋ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት ላይ ቀንሶ ይታይና ብርሃኑ ከበራ በኋላ እየበዛ ይሄዳል። በአካባቢው ቀንድ አውጣዎች እየደከሙ ወይም እየሞቱ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል። በቤት ውስጥ የሚለይበት ቀላል መንገድ አለ፦ ከንፍጡ ጥቂት ከገንዳው ውኃ ጋር በትንሽ ብልቃጥ ይቅዱ፤ ንፍጡ እስኪበታተን ድረስ ይናጡት፤ ከዚያ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ያጥሉትና ያለፈውን ውኃ ብርሃን ባለበት ቦታ ለአንድ ሰዓት ያህል ያስቀምጡት። ንጹሕ የመሰለው ውኃ ተመልሶ ክርና ጓል ከሠራ ዳይኖፍላጀሌት የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው በ400 እጥፍ ሲያየው ሕዋሶቹ ሲሽከረከሩና ሲንቀሳቀሱ ያገኛቸዋል። ለዚህ ዓይነቱ ከዚህ በታች የተጻፈውን ፎስፌት የመቀነስ ሥራ አይጠቀሙበት፤ ዳይኖፍላጀሌት የሚገንነው ተቀናቃኞቹ በረኃብ ባለቁበት፣ የአልጌ ምግብ የሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ዜሮ በወረዱበት ገንዳ ውስጥ ነውና።

እንደ ደማቅ አረንጓዴ ዶቃ የሚያብለጨልጨው ኳስ ቫሎንያ ይባላል። እያንዳንዱ ዶቃ ከሥሩ በወረንጦ ሳይፈነዳ ይነቀላል፤ ቢፈነዳ በውስጡ ያለው እንዳይበተን የቱቦውን አፍ አጠገቡ ይዞ መሥራት ይበጃል።

የቀረው የጽሑፋችን ጉዳይ የሆነው ፀጉር መሰሉ ነው። ለስላሳ፣ አረንጓዴ፣ ከውኃው ጋር የሚወዛወዝ፣ ሲጎተት እየተበጠሰ የሚወጣ ክር ነው። አንድ ክር ነቅለው በነጭ ሳሕን ላይ በጥቂት ውኃ ያንሳፍፉትና በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። ክሩ እንደ ተራ ፀጉር ልሙጥ ከሆነ በአብዛኛው ደርቤዥያና ዘመዶቹ ናቸው፤ በግራና ቀኝ ቅርንጫፍ አውጥቶ የላባ ቅርጽ ከያዘ ግን ብራዮፕሲስ ነው። ብራዮፕሲስ ምግቡ ቢቀነስበትም ግትር ሆኖ ስለሚቆይ ደረጃ 8ን ይመልከቱ።

ደረጃ 2፦ ውኃውን ይለኩ፣ ቁጥሩን ግን በጥርጣሬ ያንብቡ

የሚለኩት አምስት ነገሮች ናቸው፦ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ጨዋማነት፣ ሙቀትና አልካሊኒቲ (ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፤ መለኪያው ዲኬኤች ይባላል)። ለተደባለቀ የኮራል ገንዳ ናይትሬት ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም በሊትር፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር፣ ጨዋማነት በኪሎግራም 35 ግራም፣ ሙቀት ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አልካሊኒቲ ከ7.5 እስከ 9 ዲኬኤች ቢሆን መልካም ነው።

ፎስፌትን በዲጂታል መለኪያ የሚለኩ ከሆነ መሣሪያው የሚያሳየው ፎስፌትን ነው ወይስ ፎስፈረስን የሚለውን በቅድሚያ ያረጋግጡ። አንዳንዶቹ ፎስፈረስን በቢሊዮን ክፍልፋይ ስለሚያሳዩ፣ ቁጥሩን በ3.066 አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ 20 የሚል ንባብ 0.061 ሚሊግራም ፎስፌት ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥርጣሬው እንመለስ። ዐለቱ በአልጌ ተሸፍኖ መለኪያው ዜሮ ሲያሳይ ብዙዎች «ውኃዬ ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ይህ ከየት መጣ?» ይላሉ። መለኪያው የሚያሳየው ማንም ያልበላውን ትርፍ ብቻ ነው፤ የገባውን ሁሉ አልጌው እየቀደመ ከወሰደው ለመለኪያው የሚተርፍ የለም። የጤፍ ማሳውን አረም ወርሶት እያለ ጎተራው ባዶ መሆኑን አይቶ አፈሩ ድሃ ነው እንደማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ንባብ መዝግበው ያስቀምጡትና አልጌው በእጅ ከተነቀለ ከአምስት ቀን በኋላ እንደገና ይለኩ፤ እውነተኛው ቁጥር ያን ጊዜ ብቅ ይላል።

ደረጃ 3፦ በእጅ ይንቀሉ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ስለሚሰለቸው ይዘለዋል፤ ሆኖም ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። የተነቀለ አልጌ በውስጡ የያዘውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ከገንዳው ይወጣል፤ በመድኃኒት ወይም በጨለማ የሞተ አልጌ ግን እዚያው በስብሶ የያዘውን ሁሉ ለሚቀጥለው ትውልድ ያወርሳል። ደግሞም ቀንድ አውጣ አጭር ቡቃያ እንጂ ረጅም ፀጉር አይበላምና፣ ቁመቱን ከአንድ ሴንቲሜትር በታች ያላወረደ ሰው ግጦሹን መጠበቅ የለበትም።

ከመጀመርዎ በፊት ስለ ጤናዎ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዞአንተስና ፓሊቶዋ የሚባሉት ለስላሳ ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ አላቸው። እነርሱ ያሉበትን ዐለት ሲነኩ የላስቲክ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ ዐለቱን ከውኃ ውጭ በብሩሽ አይፈግፍጉ፤ ለማጽዳት ብለው በምንም ምክንያት በፈላ ውኃ አይዘፍዝፉት ወይም አይቀቅሉት፤ በእንፋሎቱ ምክንያት ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ።

በዋዜማው 30 ሊትር አዲስ የጨው ውኃ አዘጋጅተው፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከገንዳው ጋር እስኪስተካከል ድረስ በፓምፕ እያንቀሳቀሱ ያሳድሩት። በሥራው ቀን በመጀመሪያ ማሞቂያውን፣ ቀጥሎም ፓምፖቹን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ማሞቂያው ውኃ ሲቀንስ ከላይ ከቀረ ይሰነጠቃልና። ከዚያ ከገንዳው ውኃ 15 ሊትር ያህል በባልዲ ይቅዱ። ሊነሣ የሚችለውን ዐለት አንሥተው በባልዲው ውስጥ ያስገቡ፤ ክሮቹን በጠንካራ የጥርስ ብሩሽ ላይ ሽቦ እንደሚጠመጠም እየጠመጠሙ ከሥር ይንቀሉ፤ በብሩሽ ያልወጣውን በወረንጦ ይልቀሙ። ሁሉም የሚሠራው በውኃው ውስጥ ነው። ዐለቱን በሌላ ባልዲ ባለ ንጹሕ የጨው ውኃ አለቅልቀው ይመልሱት፤ በገንዳው ውስጥ ማለቅለቅ ግን የተነቀለውን ፍርፋሪ በየጥጉ መዝራት ይሆናል።

ተጣብቆ የማይነሣ ዐለት ሲኖር ደግሞ የጥርስ ብሩሹን በቀጭን የላስቲክ ቱቦ አፍ ላይ በላስቲክ ቀለበት ያስሩት። ብሩሹ ሲፈገፍግ ቱቦው ወዲያውኑ የተፈገፈገውን ይስባል። የቱቦውን ሌላ ጫፍ በማጣሪያ ከረጢት ውስጥ ካስገቡትና ከረጢቱ በሰምፑ (ከዋናው ገንዳ ጋር በተያያዘው የማጣሪያ ገንዳ) ላይ ከተሰቀለ ውኃው ተጣርቶ ስለሚመለስ፣ ውኃ አለቀብኝ ሳይሉ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ይቻላል።

በአንድ ቀን ከዐለቱ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይሥሩ፤ ሌላውን ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቆይተው ይቀጥሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን መፈግፈግ ዝቃጩንና ውስጡ የሚኖሩትን ጥቃቅን ነፍሳት በአንድ ጊዜ ስለሚያናውጥ አሞንያ ሊያስነሣ ይችላል። ሲጨርሱ ያጎደሉትን ውኃ በአዲሱ ይተኩ፤ ፓምፑን፣ ከዚያም ማሞቂያውን ይመልሱ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የማጣሪያ ከረጢቱን አውጥተው ይጠቡ። የተነቀለው አልጌ ጨው ስላለበት ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ አይሆንም።

ደረጃ 4፦ የምግቡን መግቢያ ያጥብቡ

አልጌው የሚመገበው በሁለት በር የገባውን ነው፤ አንዱ ውኃው፣ ሌላው የዓሦቹ ምግብ ነው።

የቧንቧ ውኃ ለሰው ጤናማ መሆኑ ለኮራል ገንዳ ተስማሚ ያደርገዋል ማለት አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የቧንቧው እርሳስ እንዳይሟሟ ሲባል ሆን ተብሎ ኦርቶፎስፌት ወደ ውኃው ይጨመራል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ይህ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ለሚጠጣው ሰው ጥበቃ የሆነው ይህ ፎስፌት፣ ኮራል ከሚፈልገው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ለአልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። መፍትሔው በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃን በግፊት በረቂቅ ስስ ማጣሪያ በሚያሳልፍ መሣሪያ) እና ከእርሱ ቀጥሎ በሚገጠመው፣ የተረፈውን ሟሙ ጨው በሚይዘው የዲአዮናይዜሽን ሬዚን የተጣራ ውኃ ነው። ከመሣሪያው የሚወጣውን ውኃ በቲዲኤስ ሜትር (በውኃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን በሚያሳይ መለኪያ) ይለኩ፤ ንባቡ 0 መሆን አለበት። ከ0 ከፍ ማለት ሲጀምር ሬዚኑን ይቀይሩ፤ ጥቂት እንቆይ ማለት ኋላ በብሩሽ ማስከፈሉ አይቀርም። በየዕለቱ የሚተነውን ውኃ የሚተኩትም በዚሁ የተጣራ፣ ጨው በሌለበት ውኃ ይሁን።

ወደ ዓሦቹ ምግብ ስንመጣ ጥቂት ስሌት ይጠቅማል። አንድ ደረቅ ምግብ ከክብደቱ 1 በመቶ ፎስፈረስ አለው እንበል። አንድ ግራም ምግብ ማለት 10 ሚሊግራም ፎስፈረስ፣ ወደ ፎስፌት ሲለወጥ 30 ሚሊግራም ገደማ ነው። ይህ በ200 ሊትር ውኃ ውስጥ ቢሟሟ 0.15 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል፤ በአንድ ግራም ብቻ ከላይ ከተጠቀሰው ወሰን በላይ አለፍን ማለት ነው። በእርግጥ ዓሦቹ ከፊሉን በሰውነታቸው ያስቀራሉ፤ ሆኖም ቁንጥሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ስለዚህ በጣት ቆንጥሮ መበተኑን ትተው በትንሽ ማንኪያ ይስፈሩ፤ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይስጡ። ዓሦቹን ማስራብ ግን አይገባም፤ የከሳ ዓሣ ለበሽታ ይጋለጣል። ከቤተሰቡ መካከል ሌላ የሚመግብ ሰው ካለ የዕለቱን ምግብ ለይቶ በትንሽ ዕቃ ማስቀመጥ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ሦስተኛ በር ካለ ዝቃጩ ነው። ከዐለቱ ጀርባና ከሰምፑ ወለል የተከማቸውን ቡናማ ዝቃጭ በየሳምንቱ የውኃ ቅየራ ጊዜ በቱቦ ይሳቡ።

ደረጃ 5፦ የተከማቸውን ያውጡ

በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውኃ መቀየር ጥሩ ልማድ ነው፤ ብቻውን ግን ተአምር አይሠራም። ናይትሬቱ 40 የሆነ ገንዳ 10 በመቶው ሲቀየር ወደ 36 ይወርዳል እንጂ ከዚያ አያልፍም። የፎስፌቱ ደግሞ ይብሳል። ዐለቱና አሸዋው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆኑ ፎስፌትን በገጻቸው ላይ ይዘው ያስቀምጣሉ፤ ውኃው ሲቀየርና ፎስፌቱ ሲቀንስ የያዙትን መልሰው ይለቃሉ። በዚህ ምክንያት ለሳምንታት ሲሠሩ ቆይተው ቁጥሩ ንቅንቅ ባይል አይደነቁ፤ ዐለቱ ዕዳውን እየከፈለ ነው።

ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአየር አረፋ ይዞ የሚያወጣ መሣሪያ) ካለዎት አንገቱን በየሦስት ቀኑ ይጥረጉት፤ ሲቆሽሽ አረፋው ወደ ላይ አይወጣም። ሰምፕ ላለው ሰው ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ግን አልጌን በአልጌ መቅጣት ነው። በሰምፑ አንድ ክፍል ውስጥ ኬቶሞርፋ የተባለውን፣ የተወሳሰበ የናይለን ክር የሚመስለውን አልጌ ያስቀምጡና ጠንካራ መብራት ከበላዩ ይስቀሉ። ዋናው ገንዳ በሚጨልምበት ሰዓት ይህኛው ይብራ፤ ሌሊት የሚበዛውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠቀምበት የውኃው ፒኤች ይረጋጋል። ኬቶሞርፋው ሲያድግ ግማሹን አውጥተው ይጣሉት። ካልተጨደ የያዘውን ይዞ ተቀመጠ እንጂ ከገንዳው ምንም አልወጣም።

ፎስፌቱ ከ0.2 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ለመውረድ ካስቸገረ በብረት ኦክሳይድ እንክብል መጠቀም ይቻላል። እንክብሉን ውኃው እስኪጠራ ድረስ በተጣራ ውኃ ያለቅልቁ፤ በአምራቹ ከተጻፈው መጠን በሩቡ ይጀምሩ፤ በየሦስት ቀኑ ይለኩ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ትዕግሥት አጥቼ ሙሉውን መጠን በአንድ ቀን ጨመርኩ። ፎስፌቱ በሳምንት ውስጥ ከ0.3 ወደ ዜሮ ወረደ፤ ፀጉሩም ነጥቶ ረገፈ፤ እኔም ተደሰትኩ። በሦስተኛው ሳምንት አሸዋው ላይ ቡናማ ንፍጥ ታየ፤ ቀንድ አውጣዎቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ የቅርንጫፍ ኮራሎቹም ከጫፋቸው ነጡ። ዳይኖፍላጀሌቱን ለማስለቀቅ ናይትሬትና ፎስፌት ገዝቼ ወደ ውኃው ስጨምር ያጠፋሁት ጊዜ ፀጉሩን ለመንቀል ከሚፈጀው በአራት እጥፍ በለጠ። በሳምንት ከ0.05 ሚሊግራም በላይ አያውርዱ፤ ግብዎም 0.05 አካባቢ እንጂ ዜሮ አይሁን።

ደረጃ 6፦ ብርሃኑን ያስተካክሉ

ጠቅላላው የብርሃን ርዝመት በቀን ከ8 እስከ 9 ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ ሙሉ ኃይሉ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይሁን፤ ከመብራቱ ቀለሞች ነጩንና ቀዩን ይቀንሱ፤ ፀሐይ በመስኮት የምትገባ ከሆነ መጋረጃ ያድርጉ። ገንዳውን ለሦስት ቀን ማጨለም ሳያኖባክቴሪያን ያዳክማል፤ ፀጉር መሰሉ ግን ሥሩ ስለሚተርፍ መልሶ ይበቅላል።

ደረጃ 7፦ ግጦሹን ያደራጁ

ግጦሽ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ባሕሩ ራሱ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1983 በካሪቢያን ባሕር፣ ከፓናማ ዳርቻ ጀምሮ፣ ረጅም እሾህ ያለው ዳያዴማ የተባለው የባሕር ጃርት በበሽታ ተመታ፤ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው አለቀ። በጃማይካ አልጌ የሚበሉት ዓሦች አስቀድሞ በማስገር ተመናምነው፣ እ.ኤ.አ. የ1980ው አውሎ ነፋስም ኮራሉን ሰባብሮት ስለነበር፣ ጃርቱ ሲሞት የሚግጥ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1977 ከባሕሩ ወለል 52 በመቶውን ይሸፍን የነበረው ኮራል በ1993 ወደ 3 በመቶ ወረደ፤ የአልጌው ሽፋን በአንጻሩ ከ4 ወደ 92 በመቶ ወጣ። ኤላት ያሉ አንባቢዎችም በ2023 በቀይ ባሕሩ ዳርቻ ጃርቶቹ በጅምላ ሲያልቁ የተሰማውን ሥጋት ያስታውሱ ይሆናል።

ወደ ገንዳችን ስንመለስ፣ ለ200 ሊትር ገንዳ በመጀመሪያ ከአምስት እስከ ስምንት የትሮከስ ቀንድ አውጣ በቂ ነው። ትሮከስን የማስቀድመው በጀርባው ሲወድቅ ራሱን መገልበጥ ስለሚችል ነው፤ አስትሪያ የሚባለው ግን ሰው ካላነሣው እንደወደቀ ይሞታል። ረዘም ላለው ፀጉር ቱርቦ ከተባሉት ትልልቅ ቀንድ አውጣዎች አንድ ወይም ሁለት ይጨምሩ፤ ኃይለኛ በሊታ ናቸው፤ ጥፋታቸው በመንገዳቸው ያለውን ያልተጣበቀ ኮራል ሁሉ መገልበጣቸው ነው። ለቫሎንያ ኤመራልድ የተባለውን አረንጓዴ ሸርጣን መሞከር ይቻላል፤ አንዳንዱ ይበላል፣ አንዳንዱ ዞር ብሎም አያይ። የባሕር ጃርት ከሁሉ የበለጠ ይግጣል፤ ነገር ግን ያንን የሚወደደውን ሮዝ ልባስም አብሮ ይፍቃል።

ከዓሦች ሳላሪያስ ብሌኒ በዚህ መጠን ባለው ገንዳ ይኖራል። ቢጫው ታንግ ግን ምንም እንኳ ታታሪ ቢሆን ሰፊ መዋኛ ስለሚፈልግ ከ400 ሊትር በታች ባለ ገንዳ ማስገባቱ እንስሳውን መበደል ነው። አዲስ ቀንድ አውጣ ሲያመጡ የገንዳውን ውኃ በጠብታ እየጨመሩ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያለማምዱት፤ ድንገተኛ የጨዋማነት ለውጥ ይገድለዋል። ቁጥራቸውንም በአንድ ጊዜ አያብዙ። አልጌው ሲያልቅ የሚራቡት እነርሱ ናቸው፤ የሞተ ቀንድ አውጣ ደግሞ በዛጎሉ ውስጥ በስብሶ ራሱ ፎስፌት ይሆናል። ከሁለት ቀን በላይ ያልተንቀሳቀሰውን አውጥተው ያሽትቱ፤ ከሸተተ ይጣሉት።

ደረጃ 8፦ መድኃኒት በመጨረሻ

ለስምንት ሳምንት ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎ በአንድ ዐለት ላይ ብቻ የቀረ ግትር ጉጥ ካለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጠቀሙ። ዐለቱን ከገንዳው አውጥተው፣ ኮራል ወደሌለበት ጎን ብቻ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ያንጠባጥቡ፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይተዉት፤ በጨው ውኃ በደንብ አለቅልቀው ይመልሱት። ፐርኦክሳይድ ሽሪምፕን ስለሚጎዳ በቀጥታ ወደ ገንዳው አይጨምሩ።

ብራዮፕሲስ መሆኑ በአጉሊ መነጽር ለተረጋገጠ ገንዳ ደግሞ ፍሉኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት በባለገንዳዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የሚሠራበት መጠን በሊትር 5 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ ለ200 ሊትር አንድ ግራም ይሆናል፤ የዐለቱንና የአሸዋውን ቦታ ቀንሰው የውኃውን ትክክለኛ መጠን ያስሉ። መድኃኒቱን ከውኃው መጥጦ እንዳያስወግደው አክቲቬትድ ካርቦኑን (የማጣሪያ ከሰሉን) ያውጡ፤ የውኃ ቅየራውን ለ14 ቀን ያቁሙ፤ ስኪመሩ አየር እየሰጠ እንዲቀጥል የአረፋ መሰብሰቢያ ኩባያውን ብቻ ያንሡ። ለውጡ የሚታየው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ሁለቱ ሳምንታት ሲያበቁ ካርቦኑን ይመልሱና 20 በመቶ ውኃ ይቀይሩ፤ የሚሞተው ብራዮፕሲስ ምግብ ስለሚለቅ በዚያ ሰሞን ፎስፌትን በየሁለት ቀኑ ይለኩ። የሰው መድኃኒት ስለሆነ ከሚያስፈልገው በላይ አይጠቀሙ፤ ቀይ ለሆነው ሳያኖባክቴሪያ ወይም ለዳይኖፍላጀሌትም አይሠራም።

ደረጃ 9፦ አዲስ ኮራል ሲገባ

ጸድቶ የነበረ ገንዳ እንደገና በአልጌ የሚወረረው አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ኮራል ከተጣበቀበት ትንሽ መደብ በሚመጣ ቡቃያ ነው። ኮራሉን ከገዙ በኋላ መደቡን ዙሪያውንና ከሥሩ በአጉሊ መነጽር ይመርምሩ፤ ከተቻለ ኮራሉን ከመደቡ በጉጠት ለይተው በአዲስ መደብ ላይ ይለጥፉት፤ የቀድሞውን ይጣሉ። ካልተቻለ መደቡን ብቻ፣ የኮራሉን ሥጋ ሳይነኩ፣ በፐርኦክሳይድ በተነከረ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ይጥረጉ። ከዚያ ለአራት ሳምንት በተለየ ትንሽ ገንዳ ያቆዩት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቡቃያ ብቅ ካለ በዚያው ይነቀላል። ኮራሉ የመጣበት የከረጢት ውኃ ወደ ዋናው ገንዳ አይገባም፤ ወደ ማፍሰሻው ይደፋል።